የከንቲባ ዱቤ

ባለፈው ወር አንድ የቆየ ዕዳ ልከፍል ከከተማው ዳር ድረስ ሄጄ ነበር። ዕዳው 740 ብር ነው። በዛሬ ገንዘብ ይህን ያህል የሚያወራ አይደለም። ነገር ግን ከዓመት በላይ አብሮኝ ሲዞር ከርሟል። ያስቸገረኝም ገንዘቡ ሳይሆን አበዳሪው የት እንደገቡ አለማወቄ ነበር።

አበዳሪዬ ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሰው ግቢ በር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "መምህር" ይሉኛል። በዚያ ሰፈር ለሰባት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ከለቀቅኩ በኋላም እግሬ መንገዱን አልረሳ ብሎ ሻይ ቅጠሉንም ሳሙናውንም ከእሳቸው ነበር የምገዛው። ኪሴ ሲሳሳ "ይጻፉልኝ" እላለሁ፤ ይጽፋሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትነሳ ሱቁም ተነሳ። ዕዳዬ ግን አብሮ አልፈረሰም።

እንግዲህ ይህቺ ትንሽ ዕዳ ናት ወደ ትልቁ ጥያቄ የወሰደችኝ። ከንቲባ ሲሄድ ምን ትቶ ይሄዳል? የተወውን እናውቃለን፤ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ተበድሮ የሄደውንስ የሚጽፍ ማን ነው?

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን እንቁጠር። አቶ አርከበ ዕቁባይ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተመርጠው ወንበሩ ላይ ያልተቀመጡትን ዶ/ር ብርሃኑ ነጋን እንለፍና በ1998 የባለአደራው አስተዳደር አቶ ብርሃነ ደሬሳ፣ በ2000 አቶ ኩማ ደመቅሳ፣ በ2005 አቶ ድሪባ ኩማ፣ በ2010 ኢንጂነር ታከለ ኡማ፣ በ2012 ወይዘሮ አዳነች አቤቤ። ብዙዎቹ ስማቸው ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ነገር አላቸው። ኮንዶሚኒየም የተጀመረው በአርከበ ዘመን ነው። የቀላል ባቡሩ ግንባታ በኩማ ዘመን ተጀምሮ መስከረም 2008 በድሪባ ዘመን ሥራ ጀመረ። የተማሪዎች ምገባ ሲባል ታከለ ይታወሳሉ። ኮሪደር ሲባል ደግሞ አዳነች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሕዝቡ የከንቲባን ስም ወስዶ የወል ስም ያደረገው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አንድ ጊዜ ነው፤ "አርከበ ሱቅ"። ያቺ ለተደራጁ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር የተሰጠች የቆርቆሮ ሱቅ! አርከበ የከተማዋን አስተዳደር በአሥር ክፍለ ከተማ አዋቅረዋል፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ራሱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሕዝቡ ግን ስማቸውን ለመዋቅሩ አልሰጠም። ለኮንዶሚኒየሙም አልሰጠም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ለምታህል፣ ሞባይል ካርድና ብስኩት ለምትሸጥ ሳጥን ሰጠ። ሱቆቹ ነቀፌታ አላጡም። የእግረኛ መንገድ ዘጉ ተባሉ፣ ለሚገባው አልደረሱም ተባሉ፣ ብዙዎቹም በኋላ ተነሡ። ዕቃው ተነሥቶ ቃሉ ቀረ። ይህ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ከተማ የሚያስታውሰው ከሩቅ ያየውን ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ እጁን ዘርግቶ የተቀበለበትንም መስኮት ነው።

ካዛንቺስ ራሷ ስሟን ያገኘችው እንዲሁ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት ተቋም ነበረው፤ በአሕጽሮት "ኢንቺስ" ይባላል። "ካዛ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤቶች፤ ከሕዝቡ አፍ ሲገባ ካዛንቺስ ሆነ። አስገንቢው ባለሥልጣን ማን እንደነበር ማንም አያስታውስም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ስለፈረሰ ሰፈር ማልቀስ ቀላል ነው፤ በተለይ እንደኔ ለቅቆ ለሄደ ሰው። እኔ በናፍቆት የማወራለት የካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ለስንት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት እንደነበረ አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ ከጣሪያው ሥር ባልዲ የሚደረደርበት ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራዩ እዚግባ የማይባል ሆነ፤ የሚያድሰውም ጠፋ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፣ ቤቱ በመሐል ይዘማል። እንዲህ ያለውን ቤት "ቅርስ" ብሎ ሌላው ሰው እንዲኖርበት መፍረድ የሞቀ ቤት ያለው ሰው ቅንጦት ነው። ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ አሮጊት ጉድጓድ ውስጥ ሳትገባ የምትሄድበት ንጣፍ አለ። ይህን የሚክድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው እኔን ያስጨነቀኝ ደብተር ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ዱቤ ምንድን ነው? ከወሩ 20 ቀን በኋላ ደመወዙ ያለቀበት ሰው እስከ ወር መጨረሻ የሚሻገርበት ድልድይ ነው። ወለድ የለውም፣ ዋስ አይጠይቅም፣ ፎርም አያስሞላም። መያዣው ዕውቀት ነው። ባለ ሱቁ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር ብር እንደምትልክ፣ ማን ዕዳውን ሳይጠየቅ እንደሚከፍል ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በአንድ ጀንበር አይገኝም። አባቶቻችን "አረብ ቤት" ይሉት ከነበረው የየመኖች ሱቅ ጀምሮ፣ በደርግ ዘመን በኩፖን ስኳር ከምንሰለፍበት የቀበሌ ህብረት ሱቅ ጎን እየኖረ፣ ዛሬ ድረስ የመጣ ነው። መንግሥት ተለዋወጠ፤ ደብተሩ ቀጠለ።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን አንድ የንግድ መደብር ዕቃና መደርደሪያ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ከነጋዴው ጋር ይገበያያሉ ተብለው የሚጠበቁ ደንበኞችም ዋጋ እንዳላቸው፣ የመደብሩ አካል እንደሆኑ ጽፏል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም ተነሺ ሰው ከቤቱ ሌላ ማኅበራዊ ትስስሩ እንደሚቋረጥበት ተቀብሎ ለዚህ ካሳ አስቧል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሕጉ ነገሩን ከኛ ቀድሞ አስቦታል ማለት ነው። ችግሩ ትስስር የአንድ ሰው ንብረት አለመሆኑ ነው። ሶፋዬ የኔ ነው፤ ጭኜ እሄዳለሁ። ጎረቤትነቴን ግን ብቻዬን ልጭነው አልችልም፤ ግማሹ ሌላው ሰው ዘንድ ነው ያለው። ባለ ሱቁ ወደ አንድ ዳር፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ዳር ከሄደ ለሁለቱም ገንዘብ ብትሰጥ ዱቤውን አትተካውም።

"ገበያ ሲነሳ ይሞታል" የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልስማማም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ እንዲህ ተወለደች። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ ገበያው ግን አልሞተም። ነጋዴው ተራ በተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ራሱን መልሶ ሠራ። ስለዚህ የተነሣ ገበያ ሊኖር ይችላል። ግን መርካቶን ያኖራት ማን ነው? ያነሣት ሳይሆን ደንበኛውን ይዞ አብሮ የተነሣው ሰው ነው። አንድ ላይ ነው የሄዱት።

ፓሪስም ይህን አይታለች። መሐል ከተማዋ ላይ የነበረው የሌ ዣል ገበያ በ1969 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ ዳር፣ ሩንዢስ ወደሚባል ቦታ ሄደ። ጅምላ ንግዱ እዚያ ሠመረለት። አሮጌው ቦታ ግን ፈርሶ ለዓመታት ትልቅ ጉድጓድ ሆኖ ተቀመጠ። በ1979 ከመሬት በታች የገበያ ማዕከል ተሠራበት፤ እሱም አልወደድ ብሎ በእኛ ዘመን እንደገና ተነካካ። ገበያውን ማንሳት አላቃታቸውም። ያቃታቸው በቦታው ማን እንደሚኖርበት መወሰን ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኤሚል ዞላ በ1883 ስለ አንድ የፓሪስ ትልቅ መደብር የጻፈውን ልብ ወለድ ለተማሪዎቼ አወራላቸው ነበር። ትልቁ መደብር በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ ሱቆች አንድ በአንድ ይውጣቸዋል፤ ጨርቅ ሻጩ ይከስራል፣ ጃንጥላ ሠሪው ቤቱን አልለቅም ብሎ ይፈራርሳል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የከሰረው ጨርቅ ሻጭ የወንድም ልጅ ናት፤ የምትሠራው ግን ትልቁ መደብር ውስጥ ነው። አዲሱ እንደሚያሸንፍ ታውቃለች፣ ማሸነፉም ልክ ነው ብላ ታምናለች፣ ለአጎቷም ታለቅሳለች። ተማሪዎቼ "ታዲያ ከማን ጋር ናት?" ይሉኝ ነበር። ያኔ በደንብ አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ቢጠይቁኝ የምላቸው፣ ከሁለቱም ጋር መሆን ወላዋይነት አይደለም፤ ዕዳን ማወቅ ነው እላቸዋለሁ።

የወደፊቱ ችርቻሮ ምን እንደሚመስል መገመት ነቢይነት አይጠይቅም። ደምበል በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት አሳንሰር ለመሳፈር ብቻ የሚሄድ ሰው ነበር። ዛሬ ፎቅ የሌለው አደባባይ የለም። ከ2013 ወዲህ ቴሌብር አለ፤ ልጆቻችን ጫማ በቴሌግራም መርጠው በሞተር ይረከባሉ። በ2016 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ምናልባት ዋጋ ይረክሳል፣ ምርጫ ይበዛል፤ ይሁን። ግን ሩብ ኪሎ ስኳር የሚሸጥልን ማነው? ለአንድ ቀን የሚሆን ዘይት? "ነገ አመጣለሁ" ለሚል ሰው "እሺ" የሚለው የትኛው ማሽን ነው? መሐል ከተማ ውስጥ ትንሽ መግዛት የሚችል ሰው የሚገዛበት ቦታ ከጠፋ፣ መንገዱ የሁሉም ሆኖ ሱቁ የጥቂቶች ይሆናል። መብራቱ ሥር እየተንሸራሸርን መስኮት እናያለን፤ በቃ።

ስለዚህ የከንቲባ ውርስ መለኪያው ምን ይሁን? "ውርስ" የሚለውን ቃል ራሱን እንመልከተው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወራሽ የሟቹን ቤት ሲረከብ፣ በወረሰው ልክ ዕዳውንም እንደሚረከብ ይናገራል። ቤቱን ወስዶ ዕዳውን "አላውቀውም" ማለት አይቻልም። ለከንቲባም ይኸው ይሁን እላለሁ። አዲስ ከንቲባ የቀድሞውን መንገድ፣ ሕንጻና አደባባይ ሲረከብ ለመንገዱ ሲባል የተነሡትን ሰዎችም ይረከብ። በኛ አገር ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ የፊተኛው ጥፋት ይነገራል፣ የፊተኛው ዕዳ አይነገርም።

ዕዳው ደግሞ የማይከፈል አይደለም። የተነሣን ሰፈር ሰው በጎረቤትነቱ አንድ ላይ ማስፈር ይቻላል። በአዲሱ ካዛንቺስ ምድር ቤት ላይ ጠበብ ያሉ፣ ኪራያቸው የሚቻል ክፍሎች ትቶ ለቀድሞ ባለ ሱቅ፣ ጉልት ይሸጡ ለነበሩ እናቶችም ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ቦታው ዛሬ ውድ የሆነው እነሱ አርባና ሃምሳ ዓመት ሰው ስላመላለሱበትም ነው። ዋጋውን ካዋጡት መሐል አንዱን አስወጥቶ ትርፉን ለሌላው መስጠት በየትኛውም ሚዛን ልክ አይመጣም።

ጋሼን በሰው በሰው አፈላልጌ አገኘኋቸው። ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ፣ ከፀጉር ቤት አጠገብ ሱቅ ይዘዋል። ከድሮው ይሰፋል፤ ጣሪያው አያፈስም። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ "መምህር፣ እውነቱን ለመናገር ቤቱ ይሻላል" አሉኝ። ገንዘቡን ሰጠኋቸው። ከመደርደሪያው ሥር ደብተሩን አወጡና ስሜ ላይ መስመር አሰመሩበት። ሌሎች ገጾች ላይ ያልተሰመረባቸው ብዙ ስሞች ነበሩ። "የዘነበች እናት"፣ "ጥርስ ሐኪሙ ጋ ያለችው ልጅ"፣ "ረጅሙ"። የአባት ስም የለ፣ ስልክ የለ። በዚያ ሰፈር ውስጥ ሆነው ሲያነቧቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን ማንም አይደሉም።

"ይከፍላሉ ብለው ያስባሉ?" አልኳቸው።

"ሰዎቹ እኮ ሌቦች አይደሉም" አሉ። "የት ብለው ያግኙኝ?"

አንዲት ልጅ መጥታ ዳቦ ገዛች፤ አምስት ብር ጎደላት። ጋሼ ፊቷን ትንሽ አዩና "ጨምረሽ ነይ" አሏት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "የማን ልጅ እንደሆነች ገና አላወቅኩም።"