ጀልባቸውን ስላዋሱት ሰዎች

አንባቢ ሆይ፤ አንተ ያጣኸውን ክብር ባልንጀራህ እንዲያገኘው ትረዳዋለህን?

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በቻይና አገር፥ በቺንግዳዎ ከተማ አጠገብ ባለው ባሕር የኦሎምፒክ የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ተደርጎ ነበር። በአንዱ ጀልባ ሁለት ሁለት ሰዎች ይወዳደሩበት በነበረው ክፍል ለመጨረሻው ቀን 10 ጀልባዎች ብቻ ሲመረጡ የክሮኤሺያ ሰዎች ሳይመረጡ ቀሩ። በነጥብ ይመሩ የነበሩት ዴንማርካውያን ግን ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የሸራቸው ምሰሶ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ክሮኤሺያውያን ጀልባቸውን አዋሷቸው። እነዚያም በችኮላ ደርሰው በዚያ ቀን 7ኛ ወጡ፤ ነገር ግን በነጥባቸው ድምር የወርቁን ሽልማት ተቀበሉ። ሌሎች «በተዋሱት ጀልባ መወዳደር አይገባም» ብለው ቢከሱም፥ ክሳቸው ተቀባይነት አላገኘም።

ምናልባት «ይህ ሌሎቹን ተፎካካሪዎች መበደል አይደለምን?» ትል ይሆናል። አይደለም፤ ክሮኤሺያውያን ያዋሱት ጀልባ ነው እንጂ ድል አይደለምና። መሪውን የያዘው፥ ሸራውንም የሳበው የተወዳዳሪዎቹ የገዛ እጃቸው ነው።

አንተም ተማሪ ሆይ፥ በፈተና ወድቀህ ሳለህ ጓደኛህ መጽሐፍህን ቢለምንህ ምን ታደርጋለህ? ለሚያለቅስ ማዘን ቀላል ነው፤ በቀደመን ሰው ደስታ መደሰት ግን ምቀኝነትን ድል መንሳት ነው። እንግዲህ እጅህን ዘርጋ፤ እግዚአብሔር የሚመለከተው የሽልማቱን ወርቅ ሳይሆን የሰጪውን ልብ ነውና።