ጥፋተኛ የሌለበት መለያየት

ሁለቱ አብረው መኖር ካልቻሉ የትኛው ይሂድ? ጥያቄው ስለ ባልና ሚስት ወይም ስለ ደባል ተከራዮች ይመስላል። እኛ ቤት የተነሳው ግን ስለ ሁለት ጊኒ ፒጎች ነው።

ዙሪክ ውስጥ ከእህቴና ከአስር ዓመት ልጇ ጋር እኖራለሁ። ጊኒ ፒጎቹ የልጅቷ ናቸው። ሁለቱም ወንዶች፣ ያውም የአንድ እናት ልጆች። ስማቸው ሽሮ እና በርበሬ ነው፤ ሐበሻ ቤት ሌላ ምን ስም ይወጣል? ለማታውቋቸው፣ ጊኒ ፒግ ከጊኒም አልመጣም፣ አሳማም አይደለም። የአንዲስ ተራሮች ሕዝቦች ከሺህ ዓመታት በፊት ያላመዱት፣ ጅራት የሌለው ሣር በል እንስሳ ነው። እዚያ አገር እስከዛሬ ይበላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ነገሩን ስትሰማ “ለአይጥ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ስብሰባ?” ብላ ሳቀችብን።

ስብሰባው ግን የምር ነበር። ሁለቱ ጎረምሳ ሲሆኑ መጀመሪያ ጥርስ ማፋጨት መጣ፣ ከዚያ መባረር፣ በመጨረሻ በርበሬ የሽሮን ጆሮ ነክሶ አደማው። ቦታቸው ሰፍቶ ነበር። ሁለተኛ የውሃ ጡጦ ነበር፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ሁለት በር ያለው መደበቂያ ነበር፣ የእንስሳት ሐኪም አይቷቸው ሕመም የለባቸውም ብሏል። ወንድ ጊኒ ፒጎች አለቃው ማን እንደሆነ እስኪለይ መገፋፋታቸው ያለ ነገር ነው። ብዙዎቹም ተስማምተው ይኖራሉ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

“ታዲያ ለየብቻ ቤት ስጧቸው” ትሉ ይሆናል። እዚህ አገር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ጥበቃ ደንቡ ጊኒ ፒግን ብቻውን ማኖር ይከለክላል። የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ጓደኛ ለእሱ እንደ ድርቆሽና ውሃ የግድ ነው። ሕጉ ብቻቸውን አይኑሩ ይላል፣ ጥርሳቸው ደግሞ አብረን አንኖርም ይላል። ስለዚህ አንዱ አዲስ ቤት፣ ሁለቱም አዲስ ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል።

እህቴ ወዲያው ፈረደች፦ “የነከሰው ይሂድ!” ልጅቷ ትንሽ አሰበችና “አዲሱ ቤት እስር ቤት ነው እንዴ?” አለች።

እኔ ከዚያ ጥያቄ እስካሁን አልወጣሁም። ጥፋተኛ ለማለት እኮ ሌላ ምርጫ የነበረው ፍጡር መኖር አለበት። ሣር ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ የተሸነፈው ይሮጣል፣ ጠቡም እዚያው ያበቃል። በግድግዳ መካከል ግን የተሸነፈው የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ሽንፈቱ ነገም ተነገ ወዲያም ይደገማል። እኛ “ጠብ” የምንለው ነገር ግማሹ ተፈጥሮ፣ ግማሹ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ደግሞ የሠራው ሰው ነው። “ማን አጠፋ?” የሚለው ጥያቄ እዚህ መልስ የለውም። መልስ ያለው “ማን የት ይሻለዋል?” የሚለው ነው።

ይህን መቀበል የሚከብደን ይመስለኛል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ተሳካ የሚባለው ሲያስታርቅ ነው። ምክራችን “ቻል አድርገው” ነው፣ ተረታችንም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። መቻል ግን በሩን ከፍቶ መውጣት ለሚችል ሰው የሚመከር ነገር ነው። መውጫ ለሌለው “ቻለው” ማለት “ተነከስ” ማለት ነው። ደግነቱ አማርኛ ሌላም አባባል አለው፦ እህል ውሃቸው አለቀ። ማንም አልበደለም፣ ማንም አልተረገመም፣ አብሮ የመብላቱ ጊዜ አበቃ። ከዚህ የተሻለ ስም ለእንዲህ ያለ መለያየት አላውቅም።

አባባሉ ግን ለሰነፍም ይመቻል። የሰለቸው ሰው “እህል ውሃችን አለቀ” ብሎ ለማዳ እንስሳ መናፈሻ ውስጥ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ያ እንስሳ ብርዱንና ቀበሮውን አይችለውም። ጥፋት የለም ማለት ዕዳ የለም ማለት አይደለም። ላሳዳጊው የሚቀርበት ዕዳ ጓደኛ ያለበት ቤት መፈለግ፣ እውነቱን መናገር፣ ካልሆነም መልሶ መቀበል ነው።

እውነቱን መናገር ላይ ተከራከርን። እህቴ “ይናከሳል ብለን ከጻፍን ማን ይወስደዋል?” አለች። ልክ ናት፤ እውነት ፈላጊ ያባርራል። መደበቅ ደግሞ በርበሬን ከሌላ ወንድ ጋር ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ያኔ የሚደማው ሌላ ጆሮ ነው። እኔ “ተናካሽ” የሚለው ቃልም እውነት አይመስለኝም። እውነቱ “ከወንድ ጋር አይስማማም” የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስም መለጠፍ ነው፣ ሁለተኛው ለሚቀበለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል። የጻፍነው ሁለተኛውን ነው።

የሄደው በርበሬ ነው፣ ስለነከሰ ግን አይደለም። ሽሮ ፈሪ ነው፣ አዲስ ቦታ ያስጨንቀዋል። በርበሬ ደፋር ነው፣ ሁለት ሴቶች ያሉበት ሰፊ ቤትም ተገኘለት። ተኮላሽቶ ስድስት ሳምንት ያህል ተጠበቀ፤ ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ማስረገዝ ይችላልና። ሽሮም በተራው ተኮላሽቶ አንዲት ሴት መጣችለት።

ካንት ለእንስሳ የምናደርገው ደግነት በመጨረሻ ለሰው ነው ይል ነበር፤ በእንስሳ የጨከነ በሰውም ይጨክናል። እህቴም “ልጄ ትማርበታለች” ስትል ይህንኑ ማለቷ ነው። ተምራበታለች ብዬ አምናለሁ። ግን ልጅቷ ባትኖርስ? ማንም ባያይስ? የሽሮ ጆሮ ሲደማ የሚያመው ሽሮን ነው፣ ለትምህርት ይሁን አይሁን። በርበሬም አዲሱ ቤት ደርሶ ደህና ነኝ ወይም አልተመቸኝም ብሎ አይደውልም። ደውሎ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።