ለእግዚአብሔር ማማረር ድፍረት ነውን?

ጸሎት ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ለጸሎት ስንቆም የምንናገረው በልባችን ያለውን ሳይሆን ይገባል ብለን የምናስበውን ነው። ልባችን አዝኖ ሳለ አፋችን ያመሰግናል፤ ውስጣችን ተቆጥቶ ሳለ ሁሉን በደስታ እንደ ተቀበልን አድርገን እንናገራለን። እንዲህ በማድረጋችንም ፈጣሪያችንን ያከበርን ይመስለናል። እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ቅሬታውን ሳይሸፍን ለእግዚአብሔር ቢነግረው እንደ ድፍረት ይቈጠርበታልን?

ይህን ጥያቄ ለክርክር ያህል ያነሣነው አይደለም። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን እናቱ ታመው ሳሉ ወራት ሙሉ በጾምና በስግደት ለመነ፤ ጠበልም ወሰዳቸው። እናቱ ግን ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን ዘግቶ አስቀመጠው። ምን እንደ ሆነ ስንጠይቀው እምነቴን ትቻለሁ አላለንም። «አሁን ብጸልይ ከአፌ የሚወጣው ወቀሳ ብቻ ነው፤ እርሱን ከምወቅስ ዝም ብል ይሻለኛል» ነው ያለን። ዝምታው ከአክብሮት የመነጨ ነበር። ነገር ግን በቆየ ቍጥር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እያራቀው ሄደ።

ስለዚህ ነገር ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11ን ተመለከትን። በዚያ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምሬት ይገኛል። ሕዝቡ የግብፅን ዓሣና ዱባ፥ ቀዩንና ነጩን ሽንኩርት እያነሣ በየድንኳኑ ደጃፍ ያለቅሳል፤ የእግዚአብሔርም ቍጣ ይነድዳል። ሙሴም ያማርራል። እንዲያውም ቃሉን ብንመዝነው የሙሴ ይከብዳል፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ እርሱ እንዳልፀነሰው፥ እንዳልወለደውም፥ ብቻውንም ሊሸከመው እንደማይችል ተናግሮ፥ እንዲህ ከሚሆን ይልቅ እንዲገድለው ይለምናል። በሙሴ ላይ ግን እሳት አልነደደበትም። የተሰጠው መልስ ሸክሙን የሚካፈሉለት 70 ሽማግሌዎች ናቸው።

ልዩነቱ ከወዴት መጣ? እኛ እንደሚመስለን ሕዝቡ ፊቱን ወደ ግብፅ መልሶ ስለ እግዚአብሔር ተናገረ፤ ሙሴ ግን ለእግዚአብሔር ተናገረ። ሞቱን እንኳ የለመነው ከእርሱ ከራሱ ነው። ባልንጀራ ያስቀየመው ሰው ለጎረቤት ሁሉ ቢያወራ ወዳጅነቱ ይፈርሳል፤ ሄዶ ፊት ለፊት ቢነግረው ግን ገና ወዳጅነቱን አልተወም ማለት ነው። ወንድማችንም ከሕዝቡ ወገን መሆንን ፈርቶ የሙሴን መንገድ በራሱ ላይ ዘጋ።

ዳዊትንም ብናስተውል ያው ነው። 87ኛው መዝሙር፥ በዕብራይስጡ ቍጥር 88ኛው፥ እንደ ሌሎቹ ልቅሶ ጀምሮ በምስጋና አይፈጽምም፤ መጨረሻው ጨለማ ነው። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጡትም። የዕለቱን ድርሻ ለመጨረስ የሚቻኰል ሰው (በግዕዝ ሲሆን ደግሞ ይብሳል) የማንን ጩኸት እንደ ጮኸ ሳያውቅ ያልፈዋል እንጂ፥ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይህን ወቀሳ በአፉ ብሎታል።

አንዳንድ ታላላቆቻችን ግን አፍ አንዴ ከለመደ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይጠፋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህም የዘወትር ጸሎቱና ውዳሴ ማርያሙ ይቅር አንልም፤ የራሳችን ቃል በሚያልቅብን ቀን የሚይዘን እርሱ ነውና። የምንለው፥ ከእርሱ በኋላ በገዛ አማርኛችን የምንጨምረው ጥቂት ቃል እውነት ይሁን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ብዙ የተዋበ ነገር ተናገሩ፤ እግዚአብሔር ግን ቅን ተናገረ ብሎ የመሰከረው ለኢዮብ ነው። ወንድማችንን ለማጽናናት በሄድን ጊዜ ይህ ምዕራፍ ብዙ ንግግር ከለከለን።

87ኛውን መዝሙር በአማርኛ እንዲያነብና ወቀሳውን ከዚያ እንዲቀጥል ነገርነው። ጥቂት ቀን ሞክሮ፥ «መልስ አላገኘሁም፤ የምናገረው ግን አላጣሁም» አለን። የንስሐ አባቱን ብቻውን ማነጋገር ስለ ከበደው፥ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችን አብረነው እንሄዳለን።