የአንጎል ሥዕል ፍርድ ነውን?

አንዲት እናት የሰባት ወር ሕፃን ልጅዋን ታቅፋ ወደ እኛ መጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀችን። «አባታችን፥ ልጄ አንገቱን በድንገት ወደ ፊት እየሰበረ እጁን ይዘረጋል፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል። ሐኪም ቤት ብወስደው የአንጎሉን ሥዕል አንሥተው ‹ጠባሳ አለበት፤ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ላያድግ ይችላል› አሉኝ። አባቱ ግን ይህን ከሰማ ወዲህ ‹እንግዲያስ ለመድኃኒት መድከም ምን ይረባል?› ይላል። ምን ላድርግ?» ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ፥ የመለስንላትን ቃል አስፍተን በዚህ ልንጽፈው ወደድን።

አስቀድሞ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ኤም. አር. አይ. የሚባለው መሣሪያ የራስን ቅል ሳይከፍት በብርቱ ማግኔት ኀይል የአንጎልን ገጽና ውስጡን ያሳያል። በወሊድ ጊዜ አየር ያጠረው አንጎል ጠባሳው፥ በማኅፀንም ሳለ ቦታውን ስቶ የተሠራ ክፍል ቢኖር እርሱ ይታይበታል። ኢ. ኢ. ጂ. የሚሉት ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሰው ላይ መጀመሪያ የመዘገበው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። አንዱ የአንጎልን መልክ፥ ሁለተኛው ሥራውን ይናገራል ማለት ነው።

ዳሩ ግን የሕፃን አንጎል ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው። የነርቭን ክር የሚያለብሰው ማየሊን የተባለው ስብ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀስ በቀስ የሚበጅ ስለሆነ፥ በስድስት ወር ንጹሕ መስሎ የታየው ሥዕል ከሁለት ዓመት በኋላ ሲደገም ተሰውሮ የነበረውን ጕድለት የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አዋቂ ሐኪም ሥዕሉን ደግሞ ያነሣል። እንግዲህ መሣሪያው ራሱ «ቈይተህ እየኝ» እያለ፥ ሰው ፈጥኖ የሕፃኑን ዕድሜ ሁሉ ሊዘጋበት ይገባዋልን?

የዚህ ሕመም ታሪክ ከአንድ አባት ኀዘን የተነሣ ነው። በ1841 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቶንብሪጅ በምትባል ከተማ የሚኖር ዊልያም ዌስት የተባለ ሐኪም ስለ ገዛ ልጁ «ላንሴት» ለተባለው የሐኪሞች መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ እስከ አራት ወሩ ጤናማ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ጥቂት ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብል ጀመር፤ እየበረታም ሄዶ ራሱ ወደ ጕልበቱ እስኪወርድ ደረሰ። አባቱ አልቅት አስያዘለት፤ ድዱን በጣው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጠው፤ በሞቀ ውሃ አጠበው፤ ምንም አልረዳውም። ሕፃኑ ማየትና መስማት ሳያንሰው መሳቅን ተወ። ዌስትም ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ባልንጀራ ቢገኝ ብሎ ሳያፍር ምክር ለመነ። ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚረዳ መድኃኒት ግን ከዚያ ደብዳቤ 117 ዓመት ቈይቶ፥ በ1958 ዓ.ም. በቤልጅግ ሐኪሞች በሆርሞን ተገኘ። ያ አባት ሥዕልም ተስፋም አልነበረውም፤ ሆኖም አባትነቱን አልተወም።

አሁን ወደዚህኛው አባት እንመለስ። ስሕተቱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን አንድ ማድረጉ ነው። ሐኪሙ ከብዙ ሕፃናት ያየውን ነገረው፤ ይህም እውነት ነው፤ ጠባሳ ያለበት አንጎል ከሌለበት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። «እንደ እኩዮቹ ላያድግ ይችላል» ማለት ግን «ምንም አይረባውም» ማለት አይደለም። ሕመሙ ሳይታከም በቈየ ቍጥር የአእምሮ ዕድገት ይጐዳልና፥ ሐኪሞች ሳምንታትን ይቈጥራሉ።

የሚከብደውንም አንሰውርም። የታላቋ ብሪታንያ ሐኪሞች 107 ሕፃናትን በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በሆርሞን፥ ሌላውን ቪጋባትሪን በተባለ መድኃኒት አክመው፥ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናቸው የመረመሩበትን ውጤት በ2005 ዓ.ም. አወጡ። የሕመማቸው ምክንያት ካልተገኘው መካከል በሆርሞን የታከሙት በአእምሮ ዕድገት በለጡ፤ ምክንያቱ ከታወቀው መካከል ግን በሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት አልታየም። ይህ አንዱን መድኃኒት ከሌላው የሚያነጻጽር እንጂ መታከምን ካለመታከም ጋር የሚያነጻጽር አይደለም። ደግሞም ትርፉ ትንሽ ቢሆን እንኳ፥ የልጅ መብት በሚያስገኘው ትርፍ ይመዘናልን? በቀን ብዙ ጊዜ የሚያንገላታው ሕመም ቢቆምለት፥ ቢተኛና ጡቱን ቢጠባ፥ ይህ ለሕፃኑ ዛሬ የሚገባው ነው።

«እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ ባይነግራቸው ይሻል ነበር» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በአገራችን የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ እናት «ምን ብታደርግ ነው?» እየተባለች በጎረቤት ስትታማ አይተናል። ጠባሳው በሥዕል ሲታይ ግን ርግማንም የእናት በደልም እንዳልሆነ ይገለጣል። ይልቅስ ሐኪሙ የታየውን ከነገረ በኋላ ያልታየውንም ቢነግር መልካም ነበር። እኛ ፊደል በምናስቈጥርበት ዘመን አቡጊዳ ላይ ሁለት ዓመት የተጐተተውን ልጅ «ይህስ አይማርም» ብለን ነበር፤ በኋላ በቅኔ ቤት ከእኛ ተማሪዎች ሁሉ ቀደመ። የጤነኛ ልጅ ነገር ከሕሙም ልጅ ጋር እኩል አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ ነገ ስንናገር አፋችንን እንይዛለን።

ለእናቲቱ «ልጄ፥ ጠበሉን ብትወጂ አስጠምቂው፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ቃል አንድ ቀን እንኳ አታቋርጪ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይብሳልና» አልናት። አባቱንም አስጠርተን የዌስትን ነገር ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሐኪም ቤቱ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ሕፃኑን የታቀፈው አባቱ ነበር። «አንገቱን መስበሩ ቀንሷል፤ ገና አልሳቀም» አለን፤ ተራቸው እንዳያልፍም እየተቻኰሉ ሄዱ።