መካሪና አማካሪ

የአንድ ዓመት ሥራ ያስነሣው የኅሊና ጥያቄ

በኖርድቬስትሽታት ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ያገሬ ሰው አሉ። በ1970ዎቹ ዓመታት ለትምህርት ወጥተው በዚያው የቀሩ፣ በወጣትነታቸው የተማሪው እንቅስቃሴ ስብሰባ ያላመለጣቸው፣ ኋላም ለረጅም ዘመን ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራ በያዝኩ በሳምንቱ ደረጃው ላይ ተገናኘንና «ምን ሥራ አገኘህ?» አሉኝ። «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አማካሪ ሆኛለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «አማካሪ? ማንን ከማን ጋር ነው የምታማክረው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ። ዛሬ ዓመቱ ሲሞላ ጥያቄው ቀልድ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ነገሩን በግልጽ ላስቀምጠው። አንድ ሰው ራሱ የማይወስን ከሆነ፣ ሥራውም ማጥናት፣ መጻፍና ሐሳብ ማቅረብ ብቻ ከሆነ፣ በምክሩ መሠረት ለሚፈጸመው ድርጊት ተጠያቂ ነውን? ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ተምረን፣ በሙያችን ተቀጥረን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደለንም፤ ብዙዎቻችንም የምንሸጠው የክንዳችንን ጉልበት ሳይሆን ዕውቀታችንን ነው። ስለሆነም ዕውቀት ሲሸጥ ኃላፊነቱ አብሮ ለገዢው ይተላለፋልን ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ይመስለኛል።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪን ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ የዶክትሬት ጥናት የቤት ኪራይ አይከፍልም። አማካሪ ድርጅቶችም ፕሮግራም የሚጽፍ ብቻ ሳይሆን፣ ጠይቆ የሚያዳምጥና ያዳመጠውን በሥርዓት የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። አዲስ ሲስተም ከመተከሉ በፊት፣ ሥራው እስከ ዛሬ በማን እጅ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ሰዓት እንደሚከናወን መጠናት አለበት። ያ ጥናት የእኔ ድርሻ ነው። በየማለዳው በኡ-1 ባቡር ወደ ባንኮቹ ሰፈር እወርዳለሁ። በ1968 ኦክቶበር ወር ሲከፈት የፍራንክፈርት የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ይኸው ነበር፤ በ1960ዎቹ የተሠራውን ይህን የመኖሪያ ሰፈር ከከተማው እምብርት ጋር ያገናኛል። በአንድ ሠረገላ የፅዳት ሠራተኛዋም፣ የሒሳብ ጸሐፊውም፣ እኔም ትከሻ ለትከሻ ቆመን እንሄዳለን። የምንለያየው ሕንፃው በር ላይ ነው፤ አንዳንዱ ሊሠራ፣ አንዳንዱ የሌላውን ሥራ ሊመዝን ይገባል።

በአራተኛው ወር የአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል እንዳጠና ተላክሁ። በክፍሉ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ አንዲት ጀርመናዊት ነበሩ። ከአቅራቢዎች የሚመጣውን የክፍያ መጠየቂያ እየመረመሩ ወደ መዝገብ ያስገባሉ። በመሳቢያቸው ውስጥ አንድ ያረጀ ደብተር አላቸው፤ የትኛው አቅራቢ ግብር አሳስቶ እንደሚያሰላ፣ የትኛው አንዱን ሒሳብ ሁለት ጊዜ እንደሚልክ፣ ለማን ቢደወል ስሕተቱ ቶሎ እንደሚታረም በእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቡና እያቀረቡ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ እያገላበጡ፣ ያለ አንዳች ስስት አስረዱኝ። «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሥራዎን ለማቃለል ነው» አልኳቸው። ይህን ስል አልዋሸሁም፤ እውነቱንም ግን አልተናገርኩም። በውሉ አባሪ ላይ «ሊቀነስ የሚችል የሰው ኃይል» የሚል ዓምድ እንዳለ አይቼ ነበር።

ደብተሩ በእኔ እጅ የ17 ገጽ ሪፖርት ሆነ። በመጨረሻው ሠንጠረዥ፣ በዚያ ዓምድ ሥር፣ 4 የሚለውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሴትዮዋን አሳንሰሩ በር ላይ አገኘኋቸው። የስንብት ደብዳቤው ደርሷቸዋል። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም፤ «እርስዎ ያውቁ ነበር?» ብቻ አሉኝ። እኔም «ውሳኔው የእኔ አይደለም» ብዬ መለስኩ። አሳንሰሩ መጣ፤ ገብተው ሄዱ።

«ውሳኔው የእኔ አይደለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል እውነት ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ሴትዮዋ የጠየቁኝ ወስነሃል ወይ ብለው አልነበረም፤ ታውቅ ነበር ወይ ብለው እንጂ። ስለ ዕውቀት ለቀረበልኝ ጥያቄ ስለ ሥልጣን መልስ ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሮአችን ይህ ዐረፍተ ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ማዳመጥ ጀመርኩ። አማካሪው ወሳኙ ደንበኛው ነው ይላል፤ ደንበኛው አማካሪዎች ያጠኑት ነው ይላል። ውሳኔው በሁለቱ መካከል ባለቤት አጥቶ ያድራል።

ማክስ ቬበር በ1919 በሙኒክ ለተማሪዎች ባሰማው «ፖለቲካ እንደ ሙያ» በተሰኘው ንግግሩ የሁለት ሰዎችን ክብር ይለያል። የቢሮ ሹም ክብር፣ ትእዛዙ ስሕተት መሆኑን አስታውቆ አለቃው ከጸና፣ የራሱ እምነት የሆነ ያህል በጥንቃቄ መፈጸም ነው። የፖለቲካ መሪ ክብር ደግሞ ለሚያደርገው ነገር ኃላፊነቱን ለብቻው መሸከም፣ ወደ ሌላም አለማሻገር ነው። ቬበርን በትምህርት ቤት ሳነብ አማካሪ የሚባለው ሦስተኛው ሰው የት እንደሚቆም አልጠየቅሁም። አማካሪ እንደ ሹሙ በመሐላ የታሰረ አይደለም፤ «አልሠራም» ብሎ መውጣት ይችላል። እንደ መሪውም በሕዝብ ፊት አይቆምም፤ ስሙ በስንብት ደብዳቤው ላይ የለም። ከሹሙ ታዛዥነቱን፣ ከመሪው ተሰሚነቱን ወስዶ የሁለቱንም ሸክም ጥሎ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «አንተ ባትሠራው ሌላው ይሠራዋል» የሚለው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ድርጊቱ አይቀርም ማለት ድርጊቱ የእኔ አይደለም ማለት አይደለም፤ ሌባም ይህንኑ ማለት ይችላል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። «መሣሪያ ሰውን ከአሰልቺ ድካም ካላቀቀ ምን ክፋት አለው?» ይላል። በዚህስ እስማማለሁ። እናቱ በሌሊት ተነሥታ ወፍጮ ላይ ስታጎነብስ ያየ ሰው የሞተር ወፍጮ መምጣቱን አይረግምም፤ የድንጋዩ ወፍጮ ይመለስ የሚል ካለ ፈጭቶ የማያውቅ ነው። ዳሩ ግን የሞተር ወፍጮ የእናቶቻችንን ጉልበት ሲያሳርፍ እህሉም ዱቄቱም የእነርሱ እንደ ሆነ ቀረ። በሒሳብ ክፍሉ ግን ድካሙ ከሴትዮዋ ላይ ሲነሣ እንጀራቸውም አብሮ ተነሣ፤ ትርፉም ደብተሩን አይተው ለማያውቁ ሰዎች ደረሰ። ስለዚህ ጥያቄው መሣሪያው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል ሳይሆን፣ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ተጠቀመ የሚል ነው።

ጉዳዩ ከእንጀራ አልፎ ወደ ነጻነት ሲሻገር ምን እንደሚመስል የእኛው የስደት ታሪክ ያሳያል። በ2013 ማርች ወር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም፣ ፊንስፓይ የተሰኘ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ በማድረግ ኢትዮጵያውያንን ዒላማ እንዳደረገ ይፋ አወጣ። ፎቶግራፉን የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩ የሰላይ ጆሮ ይሆንበታል። ሶፍትዌሩን ያወጣው ፊንፊሸር ሥራውን ያካሄድ የነበረው ቬበር ንግግሩን ባሰማባት በሙኒክ ነበር። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም በ2014 በዋሽንግተን የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ2017 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም የሚል ነበር። ፊንፊሸርም በ2022 ከስሮ ሥራውን አቆመ።

ልብ እንበል። በእንዲህ ያለ ሥራ አንዱ ኮዱን ይጽፋል፣ ሌላው ይሸጣል፣ ሌላው አጠቃቀሙን ያሠለጥናል፣ ሌላው ማጥመጃውን ይልካል። ድርጊቱ በእጅና በአገር ተከፋፍሎ የማንም ያልሆነ ይመስላል። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱን አሳንሰር በር ላይ ብናገኘው ምን ብሎ እንደሚመልስልን መገመት አያዳግትም። የእኔን ጥፋት ከዚህ ጋር እኩል አድርጌ ልኩን አላፋልስም፤ መሸሸጊያው ዐረፍተ ነገር ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል። ተረቱ የሚያስበው ለንጉሡ ነው፤ መካሪ ወደ ላይ ይናገራል፣ ስለ ተገዢው ግን ተረቱ ዝም ይላል። አማካሪ የሚለው ቃል ከዚህ ይለያል። አዋዋይ የሚዋዋሉትን፣ አገናኝ የሚገናኙትን፣ አደራዳሪ የሚደራደሩትን ሁለቱንም ወገን ይፈልጋል። በዚሁ አካሄድ አማካሪ ማለት ሰዎች እርስ በርስ እንዲማከሩ የሚያደርግ ነው። በልማድ ለመካሪ ብንጠቀምበትም የቃሉ አፈጣጠር ሁለት ወገን ይጠይቃል። ከአንዱ ወገን ሰምቶ ለሌላው ብቻ ለሚያደርስ ሰውማ ቋንቋችን ሌላ ስም አለው፤ ጆሮ ጠቢ ይባላል። ለጋሼ ያኔ መመለስ የነበረብኝ «ማንንም ከማንም» ብዬ ነበር።

ሁለቱን ወገን ማማከር የሕልም ሐሳብ አይደለም። በጀርመን በ1972 የወጣው የሥራ ቦታ አደረጃጀት ሕግ በአንቀጽ 87፣ የሠራተኛውን ጠባይ ወይም የሥራ ውጤት ለመከታተል የሚያገለግል የቴክኒክ መሣሪያ ሲተከል፣ ሠራተኞች የመረጡት ምክር ቤት አብሮ እንዲወስን ያዛል። ፍራንክፈርት የምትገኝበት የሄሰን ክፍለ ሀገርም በ1970 በዓለም የመጀመሪያውን የመረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥቷል። ባጠናሁት ድርጅት ውስጥ ምክር ቤቱ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም ከሒሳብ ክፍሉ አንድ ፎቅ በታች ነበር። በሩን አላንኳኳሁም፤ ማንም አላዘዘኝማ። በአገራችንም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2023፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2024 ወጥተዋል። እንዲህ ያለውን መዝገብ በመትከል ከመካከላችን የሚሳተፉ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ሕጉ የሚጸናው ወይም ወረቀት ሆኖ የሚቀረው፣ ባለሙያው ባልታዘዘበት በር ላይ በሚያደርገው ነገር ነው።

ግለ ሂስ ያለ ተግባር ኑዛዜ ብቻ ነው። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ለራሴ ደንብ አድርጌአለሁ። አንደኛ፣ ማንንም ከመጠየቄ በፊት ወረቀቱ ለምን እንደሚውል የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ የጻፍኩትን ለደንበኛው ከመስጠቴ በፊት ለነገረኝ ሰው አስነብባለሁ። ሦስተኛ፣ ሰውን ለመሰለል የሚውል ሥራ ቢመጣ «ድርሻዬ ትንሽ ነው» ሳልል እተወዋለሁ። ደንቡ ዋጋ ያስከፍላል። ባለፈው ወር ዓላማውን የነገርኳቸው አንድ ሠራተኛ ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ አለቃዬም ጥናቱ ዘገየ ብሎ ገሠጸኝ። ውሌ መታደሱን አላውቅም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም የተንጠለጠለው በዚሁ ውል ላይ ነው።

ሦስቱ ደንቦች ሴትዮዋን ወደ ሥራቸው አልመለሱም። የአንድ ሰው ኅሊና አንድን ውሸት ያስቀር ይሆናል እንጂ ውሳኔን አይለውጥም፤ ለዚያ ኅብረት ያስፈልጋል። ዕውቀታችንን የምንሸጥ ሁሉ ምን እንደምንሸጥና ምን እንደማንሸጥ በጋራ መክረን አናውቅም። ጓዶች፣ ይህ ጽሑፍ ለዚህ ምክክር መነሻ ይሁን፤ የተሳሳትኩበትን አርሙኝ፣ የጎደለውንም ሙሉበት።