ሉሲና አዳም፦ ስለ እምነት ብሎ መዋሸት ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አምና በጾመ ነቢያት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሥነ ፍጥረትን አስተምር ነበር። ከእሑድ ጀምሬ ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረታት እየቆጠርኩ ዓርብ ላይ፣ አዳም ጋ ስደርስ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ዲያቆን፣ ባዮሎጂ ፈተና ላይ የተማርኩትን ብጽፍ ክጄ ነው?» አለችኝ። እኔም ልጆቹን ለማሳቅ ብዬ «ከዝንጀሮ መጣሁ ካልሽ ሰሜን ተራሮች ሄደሽ ዘመዶችሽን ጠይቂያቸዋ!» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሚቀጥለው እሑድም አልመጣችም።

ከጥሉላት ጾሜ ነበር፤ አንደበቴ ግን አልጾመም። የከፋው ደግሞ የተናገርኩት እውነት አለመሆኑ ነው። የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣ አይሉም። ሰውም ዝንጀሮም ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከኖረና ዛሬ ከሌለ ከአንድ ጥንታዊ ፍጡር ዘር ተለያይተው ወጡ ነው የሚሉት። ይህን በዲፕሎማ ትምህርቴ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም። አውቄ ነው ያጣመምኩት። በሐሰት መመስከር በባዮሎጂ መምህር ላይ ሲሆን ይፈቀዳል የሚል ቀኖና ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

እንዲህ የማደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተገኘችበትን ዕለት ታውቁት ይሆን? ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ዕለት! ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ቦታ አገኟት። ከአጽሟ 40 ከመቶ ያህሉ ተሰብስቧል። ዕድሜዋን አጥንቷ በተገኘበት ደለል ውስጥ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ለክተው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው አሉ። እኛስ? የውጭ እንግዳ ሲመጣ «ምድረ ቀደምት፣ የሰው ዘር መገኛ» ብለን አምስት ኪሎ ሙዚየም እንወስደዋለን። እንግዳው ሲሄድ «የፈረንጅ ተረት» እንላታለን። ለኩራት ሲሆን እናታችን ናት፣ ለሃይማኖት ሲሆን ጦጣ። ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣል።

አንዳንዶቻችን ደግሞ መልሱን ከአሜሪካ እንበደራለን። እዚያ ነገሩ የቆየ ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በቴነሲ ግዛት ዴይተን ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር «ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል» ተብሎ 100 ዶላር ተቀጥቷል፤ በኋላ በይግባኝ ተነሣለት እንጂ። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጠይቅ፣ እግዚአብሔር ሰውን ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ አሁን ባለው መልኩ ፈጠረው ያሉት 44 ከመቶ ነበሩ፤ በ2024 ደግሞ 37 ከመቶ። ከእነዚህ ወገኖች የወጡ፣ ዳይኖሰርና ሰው አብረው ኖረዋል የሚሉ ቪዲዮዎች ተተርጉመው በየስልካችን ይገባሉ። ብዙዎቹ የምድርን ዕድሜ 6,000 ዓመት ገደማ ያደርጉታል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ፍጥረት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው ብሎ ነበርና። የእኛ ቁጥር 5500 ነው። ስለዚህ ያን ቪዲዮ «ለእምነቴ ጠበቃ ነው» ብሎ የሚልክ የተዋሕዶ ልጅ፣ ሳያውቀው ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ላይ 1500 ዓመት ገደማ ቀንሶ ነው የሚልከው።

ይህ 5500 ምንድን ነው? ባሕረ ሐሳብ ስማር ከዓመተ ምሕረቱ ጋር እየደመርን ለአራት እናካፍለው ነበር። 2017 ሲደመርበት 7517 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል አንድ ይቀራል፣ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። አንድ ቀን ደፍሬ «የኔታ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?» አልኩ። አልተቆጡኝም። ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ነው፣ በጌታ ዘንድ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና፣ አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ ይኼ የናፍቆት ቁጥር ነው» አሉ።

ነቢያት የጾሙትም ያንኑ ናፍቆት ነው። ቁጥሩን ያወረሱን አባቶች ቀኑን በሰዓት አልለኩትም። ፀሐይ እንኳ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ቀናት በምን ፀሐይ ተቆጠሩ? ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ሲያስተምር፣ ሙሴ የምድርን ዙሪያ ልክ ያልጻፈው ለነፍሳችን ስለማይጠቅመን መሆኑን ተናግሯል።

በዚህ ግን 7,500 ዓመትና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ታረቁ ማለቴ አይደለም። «አንዱን ቀን ሚሊዮን ዓመት አድርገውና ተገላገል» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ እንዲህ አይቀልልኝም። አዳም ከአራቱ ባሕርያት በእግዚአብሔር እጅ መፈጠሩን፣ በአርአያውና በአምሳሉ መሆኑን አምናለሁ፤ ይህን አጥንት አያስረዳም፣ አያፈርስምም። ያቺን አጥንት ደግሞ የለችም አልልም። ሁለቱን ይዤ እጾማለሁ፤ ለማስታረቅ ብዬ አንዱን በውሸት አልደልለውም።

ልጅቷ ቤት የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እናቷ ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ፈተናው የሚጠይቅሽ ሳይንሱ ምን እንደሚል ነው፣ ያንን በትክክል መጻፍ ክህደት አይደለም፣ ፈጣሪ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ሲመጣ ነው መካድ ያለው፣ አልኳት። ሲኒዋን እያሽከረከረች ሰማችኝና «ታዲያ ሉሲን አይተሃት ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላየኋትም ነበር። ዘንድሮ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወደ አምስት ኪሎ እሄዳለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።