«አላወቅሁም» ስለ ማለት

ሰው ሳያውቅ ስላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን? ያላወቀውን ነገር ማንም ሊጠነቀቀው አይችልምና አይጠየቅም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አነጋገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን በመኪና ፍሬን ብንመረምረው ጎደሎነቱ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሲመለስም ከደጀን በኩል እንደዚሁ ነው። ዛሬም በአገራችን ከሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች የብዙዎቹ ፍሬን ባለታምቡር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑ ዘይት ሸራዎቹን ገፍቶ ከሚዞረው ታምቡር ውስጠኛ ገጽ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ በፍትጊያውም መኪናው ይቆማል። ሸራው ግን በተረገጠ ቁጥር በጥቂቱ ያልቃል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ፔዳሉም ወደ ወለሉ ዝቅ ይላል። ይህ የሚሆነው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ የነጂው እግር አብሮ ይለምደዋል፤ ዛሬን ከትናንት ቢያስተያይ ልዩነት አያገኝም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ግሎ ሲሰፋ ግን የቀረችው ጥቂት ኃይል ትጠፋለች።

በዚያ ሰዓት ነጂው «አላወቅሁም» ቢል አይዋሽም። ነገር ግን ለማወቅ የሚያስፈልገው ምን ነበር? መኪናውን በግቢው ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ መሬት ለሚቀሩት ጎማዎች ታኮ አድርጎ፣ አንዱን ጎማ በክሪክ ማንሣት፤ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፤ በተዘጋጀችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ሸራው እስኪይዝ ማዞር፤ ከዚያም ጎማው በቀላሉ እስኪዞር በጥቂት ጥርስ መመለስ ነው። ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ሸራው ያለ ዕረፍት እየታሸ ይግላል፤ የግራና የቀኙ ካልተካከለ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ሸራው ጨርሶ ካለቀም መለወጥ አለበት። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እንግዲህ አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከብረቱ ውስጥ እንደ ተሰወረ ስንጥቅ ሰው ሊደርስበት የማይችለው ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ሊታዘንለት እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ሁለተኛው በሩ ተከፍቶ ሳለ ሳይገቡበት የቀሩት ነው። የዚህ ሰው ጥፋት በቁልቁለቱ ላይ ካለፈችው ደቂቃ አይጀምርም፤ መኪናው በግቢው ቆሞ ሳለ ሳይመረምር ካሳለፋቸው የጸጥታ ቀኖች ይጀምራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለነጂ ብቻ የተነገረ አይደለም። የተማሪዎቹን ደብተር ማረም የተወ መምህርም ትምህርቱ እንዳልገባቸው «አላወቅሁም» ሊል ይችላል። ራሱን ከትናንቱ ራሱ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው ጉድለቱን አያይም፤ በጎደለ መጠን ይለምደዋልና። ስለዚህ ሥራችንን ከልማዳችን ጋር ሳይሆን ሊሆን ከሚገባው ጋር እናስተያየው፤ ይህንንም ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ቁልቁለቱ ሳይደርስ እናድርገው።

ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ፔዳሉን ረግጦ የሚፈትንበት መንገድ የለውም። ስለ እርሱም ጭምር ማወቅ የነጂው ዕዳ ነው።